«እችላለሁ» ስትል «አልችልም» ተሰማባት

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ዓምድሽን ከአገር ቤት ጀምሮ አነባለሁ። አሁን ቻይና፣ ዉሃን ከተማ ሦስተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ነው፣ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ላብራቶሪ ውስጥ አንዲት ቻይናዊት ጓደኛ አለችኝ። ሊን ልበላት፣ እውነተኛ ስሟ አይደለም። የሰሜን ልጅ ናት፣ የሃርቢን። የመጣሁ ሰሞን ባንክ የወሰደችኝ፣ ሲም ካርድ ያስወጣችልኝ እሷ ናት። ገበያ ላይ «መግዛት እፈልጋለሁ» ልል ብዬ «መሸጥ እፈልጋለሁ» ስል ሳትስቅ ያረመችኝም እሷው ናት። በሳምንት ሁለት ቀን እሷ ቻይንኛ ታስጠናኛለች፣ እኔ እንግሊዝኛ። ገንዘብ የለም፣ ሻይ ብቻ።

ሊን እንግሊዝኛ ስታነብ ጎበዝ ናት፣ ሰዋስው ላይ እኔን ታስከነዳኛለች። ስትናገር ግን ቃላቱን ሁሉ እኩል ነው የምትመታቸው። «ዘ»ም፣ «ኦፍ»ም፣ «ቱ»ም እንደ ትልቅ ቃል ይወጣሉ። ስታዳምጥ ደግሞ እነዚሁ ትንንሾቹ ጭራሽ ያመልጧታል። አንዴ «አይ ዉድ ሃቭ ቶልድ ሂም» የሚል ድምፅ ከፍቼ ጻፊው ብላት «አይ ቶልድ» ብላ ቁጭ አደረገችው።

ባለፈው ወር አንድ የውጭ ፕሮፌሰር በቪዲዮ ገብቶ ሥራችንን ሲያዳምጥ ሊን «ዊ ካን ሪፒት ዚስ ሪዘልት» አለች። ውጤቱን ደግመን ማግኘት እንችላለን ማለቷ ነበር። ሰውየው «ለምን አልቻላችሁም?» አላት። ግራ ገባት። እኔ ጣልቃ ገባሁና፣ እግዜር ያውቃል ለመርዳት ብዬ ነው፣ «እንችላለን ማለቷ ነው፣ አጠራሯ ነው እንጂ» አልኩ። ሰው ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ምሳ አብራኝ አትበላም። ጥናቱንም «ሥራ በዝቶብኛል» ብላ አቆመችው። አንድ ቀን ብቻ «እኔ እያንዳንዱን ቃል ጥርት አድርጌ ነው የምናገረው፣ እናንተ ናችሁ የምትውጡት» አለችኝ።

ከሁለት ወር በኋላ ኮንፈረንስ ላይ ሥራዋን ታቀርባለች። ዝም ልበላት ወይስ ልርዳት? ደግሞስ እኔ ማን ነኝና ነው የማርማት? የእኔም እንግሊዝኛ የአዲስ አበባ እንግሊዝኛ ነው።

ጸ. ነኝ፣ ከዉሃን

---

ውድ ጸ.፣

መጀመሪያ ስለ አንድ ቅዳሜ ላውራሽ። አሜሪካ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ምግብ ቤት ዕቃ አጥብ ነበር። አለቃዬ ሐሙስ ማታ ደወለና ቅዳሜ መግባት ትችያለሽ ወይ አለኝ። ብሩ በጣም ያስፈልገኝ ነበር። ስለዚህ እንዳይሳሳትብኝ ብዬ እንደ ዜና አንባቢ አንድ በአንድ፣ «አይ… ካን… ወርክ… ሳተርዴይ» አልኩት። «ኦኬ፣ ኖ ፕሮብለም» ብሎ ዘጋው። ቅዳሜ በዚያ ብርድ ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ስደርስ ሽርጤን ሌላ ልጅ ታጥቃዋለች። «አልችልም ብለሽኝ የለም እንዴ?» አለኝ፣ ከልቡ ተገርሞ። እኔ ደግሞ ሆን ብሎ ነው ብዬ ዓመት ሙሉ ቂም ያዝኩበት።

ነገሩ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። አሜሪካኖች «እችላለሁ» ሲሉ «ካን» የምትለዋን ቃል አይጠሯትም ማለት ይቻላል። «አይ ክን ወርክ» ነው የሚሉት። «ክን»ዋ እንደ ትንፋሽ ታልፋለች፣ ጉልበቱ ሁሉ «ወርክ» ላይ ነው። «አልችልም» («ካንት») ሲሉ ግን ቃሏ አፍ ተከፍቶ ሙሉ ሆና ትወጣለች፣ መጨረሻዋ ላይ ያለችው «ት» ደግሞ ብዙ ጊዜ ጉሮሮ ውስጥ ትቀራለች። ስለዚህ ሰሚው «ት»ዋን አይጠብቅም፣ የቃሏን ሆድ ነው የሚያዳምጠው። ሞልታ ከሰማት አልችልም ነው፣ ሟሙታ ካለፈች እችላለሁ ነው። ሊንም እኔም የሠራነው ስህተት አንድ ነው። ጥርት ባደረግናት ቁጥር ትርጉሟን ገለበጥናት።

እና ሊን «እናንተ ናችሁ የምትውጡት» ስትልሽ ልክ ናት። ይውጣሉ! አንቺ እንኳን ሳትውጪ አትቀሪም። ያልነገርሻት ነገር ቢኖር መዋጡ ስንፍና አለመሆኑን ነው፤ ቋንቋው ራሱ እንዲዋጡ የሚፈልጋቸው ቃላት አሉት።

ግን ከእንግሊዝኛው በፊት ምሳው ይቅደም። ያን ቀን ያመማት ምኑ ይመስልሻል? መታረሟ ነው ወይስ የሳቁት ሰዎች? እስቲ ያንን የገበያ ቀን አስታውሺው። «መሸጥ እፈልጋለሁ» ስትዪ ሊን ለሻጩ ዞራ «አጠራሯ ነው እንጂ» አለችው? እንዳላለችው እርግጠኛ ነኝ። ለአንቺው ነው የነገረችሽ። ቻይኖች «ሚየንዙ» የሚሉት ነገር አለ፣ ሲተረጎም ፊት ማለት ነው። ይሉኝታና ክብር አንድ ላይ የተፈተሉበት ነገር በይው፣ ለሐበሻ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። እኛስ እንግዳ ፊት ስንታረም ደስ ይለናል?

ስለዚህ ዛሬ ማታ በዊቻት አጭር መልእክት ላኪላት። «ያን ቀን ሰው ፊት ማረም አልነበረብኝም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ነገ ምሳ ልጋብዝሽ?» በቃ። «ግን ለመርዳት ብዬ ነው» የሚለውን ተዪው፣ እሱ ይቅርታውን ይበላዋል። ካልመለሰች ሁለት ሦስት ቀን ተያት፣ አትከታተያት። ምሳ ላይ ከተገናኛችሁም ስለ እንግሊዝኛ እንዳታነሺ። ከፈለግሽ የእኔን የሽርጥ ታሪክ ንገሪያት፣ ፈቅጄልሻለሁ።

እሺ፣ ታረቃችሁ እንበል። «እኔ ማን ነኝ» ላልሽው ደግሞ፣ እንዲያውም ከአሜሪካዊ አስተማሪ ይልቅ አንቺ ትሻያታለሽ ባይ ነኝ። አሜሪካዊው እንደሚውጥ አያውቅም፣ አንቺ ግን ይህን መንገድ በእግርሽ ሄደሽበታል። የእኛም አማርኛ እንደ እንግሊዝኛ አንዱን ክፍለ ቃል ደቁሶ ሌላውን አያሟሟም፣ ለዚህ ነው እኔም «ካን»ን በሙሉ አፌ ያልኳት። መዋጥ የሚባለውን ነገር ግን እናውቀዋለን። «ምን አለ በት» የሚል ሐበሻ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? «ምናለበት» ነው። «የት አለ» ሳይሆን «የታለ»። አማርኛ በመጽሐፍ የተማረ ፈረንጅ ታክሲ ውስጥ «የታለ ሂሳብ?» ሲሉት የቱን ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ ይፈልግ?

የሊን ችግር ከየት እንደሚመጣ ማወቁ ለሁለታችሁም ጥሩ ነው፣ ቢያንስ ጥፋቱ የማናችሁም እንዳልሆነ ይገባችኋል። በማንዳሪን እያንዳንዱ ፊደል አንድ ክፍለ ቃል ነው፣ አብዛኛውም የራሱ ቶን አለው፣ ትርጉም የሚለይ የድምፅ መውጣትና መውረድ ማለት ነው። አራቱን ቶኖች አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂያቸዋለሽ፤ ወርዶ የሚነሳው «ማይ» መግዛት፣ ቁልቁል የሚወድቀው «ማይ» መሸጥ፣ አይደል ያጋጨሽ? አንዱን ክፍለ ቃል ካሟሟሽው ቶኑ ይጠፋል፣ ቶኑ ከጠፋ ቃሉ ሌላ ይሆናል። ሊን ከሕፃንነቷ ጀምሮ እያንዳንዱን ክፍለ ቃል እንድታከብር ነው ጆሮዋ የተሠራው። ክፍለ ቃላቱ ወደ ጎረቤት እንኳን አይፈሱም። የሸክላ ወታደሮቹ ያሉባትን የ«ሺአን»ን ስም በላቲን ሲጽፉ መሃሉ ላይ ከፍ ያለች ትንሽ ጭረት (’) ጣል ያደርጋሉ፣ አለዚያ «ሺየን» ተብሎ አንድ ክፍለ ቃል ይሆናል። እንግሊዝኛ ደግሞ «ፒክ ኢት አፕ»ን «ፒ-ኪ-ታፕ» አድርጎ ይሰፋዋል። ሊን ሦስት ቃል ስትጠብቅ አንድ የማታውቀው ቃል ይመጣባታል።

ልጅ ሆና «ታንክ ዩ»ን እንዴት እንደጻፈችው ጠይቂያት። ብዙ ቻይናውያን ተማሪዎች ከእንግሊዝኛው ቃል አናት ላይ በድምፅ የሚቀርበውን የራሳቸውን ፊደል ይጽፋሉ፣ የታወቀ ቀልድ ነው። «ሳን ከ ዮው»። ትርጉሙ ሦስት ግራም ዘይት! ሦስት ፊደል፣ ሦስት ሙሉ ክፍለ ቃል፣ እያንዳንዱ ከነቶኑ፤ መጨረሻ ላይ ያለችው ምስኪን «ዩ» ዘይት ሆና ቁጭ ትላለች። በዚህ ላይ ደግሞ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) «ክሬዚ ኢንግሊሽ» የሚባል ነገር ቻይናን አጥለቅልቋት ነበር፣ ሰው አደባባይ ወጥቶ በጩኸት እንግሊዝኛ የሚለማመድበት። ድፍረት ለማግኘት ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ አልጠላውም፣ ግን «ኦፍ»ን እየጮኹ እንዴት ማሟሟት ይቻላል?

አሁን ዋናው ነገር። በእኔ ግምት እስካሁን የሠራሽው አፏ ላይ ነው። ጆሮዋ ላይ ሥሪ። ያልሰማችውን እንዴት ትበለው? ያ «አይ ዉድ ሃቭ ቶልድ ሂም» ያልሽው በተፈጥሮ ሲነገር «አይደቭ ቶልዲም» ነው። «ዉድ» አንዲት «ድ» ሆና ቀርታለች፣ «ሃቭ» ራሷን አጥታለች፣ «ሂም» «ሂ»ዋን ጥላለች። የቀረው ጎልቶ የሚሰማ ቃል «ቶልድ» ብቻ ነው፣ ሊንም የጻፈችው እሱን ነው። ሰነፍ ሆና ሳይሆን የተሰማትን ነው የጻፈችው። ጆን ፊልድ የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ጥናት አለ፣ እንግሊዝኛን በትምህርት የተማሩ ሰዎች ሲያዳምጡ ትልልቆቹን ቃላት ከትንንሾቹ በጣም አስበልጠው እንደሚይዙ ያሳያል። ስለዚህ ብቻዋን አይደለችም።

ይህንንም ንገሪያት፣ ደስ ይላታል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፖላክና ፒኬት የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የሰዎችን ተራ ወሬ ቀድተው፣ ከመሃሉ ነጠላ ቃል ቆርጠው ለሌሎች አሰሙ። ሰሚዎቹ የለዩት ከቃላቱ ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው። ቋንቋው የአፍ መፍቻቸው የሆኑ ሰዎች እንኳን «ኦፍ»ን በጆሯቸው አይሰሟትም ማለት ነው፣ እዚያ መኖር እንዳለባት ስለሚያውቁ ይሞሏታል እንጂ። እናንተም በስልካችሁ ሞክሩት። ከአንድ ፖድካስት አሥር ሰከንድ ቁረጪ፣ ከዚያ ውስጥ ደግሞ አንዲት «ፎር» ወይም «አት» ብቻ ለይተሽ ለሁለታችሁም ክፈቺው። አንቺም አትለዪውም። ሊን አንቺን «ምን አለ?» ስትልሽ አላውቅም ብለሽ ስትስቂ፣ የዚያን ቀን ሳቅ ትንሽ ይካካሳል ብዬ አስባለሁ።

ቃለ ጽሕፈቱንም ቀይሪው። «ምን ሰማሽ?» አትበያት፣ «ስንት ቃል ነበር?» በያት። ጣቷን ትቁጠር። ሁለት ሰማሁ ካለችሽና አምስት ከነበረ፣ ሦስቱ የት ሊገቡ እንደሚችሉ ከሰዋስው ትገምት። እሷ በዚህ ከአንቺ ትሻላለች ብለሽኝ የለ? ከዚያ ድጋሚ ክፈቺው። የምታውቀውን ነገር ፈልጎ መስማት ከባዶ ከመስማት ይቀላል። «ቶልዲም»ና «ቶልደር» ላይ ግን ታገሻት፣ ወንዱን ወይስ ሴቷን ነው የነገረው የሚለው። በአፍ ሲነገር በቻይንኛ ሁለቱም «ታ» ናቸው፣ ጆሮዋ እዚያ ልዩነት የመፈለግ ልምድ የለውም። እናቷን «ሂ» ስትላት ሰምተሽ አታውቂም?

ወደ አፍ ስትመጡ ደግሞ ቁልፉ እሷው ቋንቋ ውስጥ አለ። ማንዳሪን ከአራቱ ቶን ሌላ «ቺንግሼንግ» አለው፣ ቀላል ድምፅ ማለት ነው፤ አጭርና ፈዛዛ፣ የራሱ ቶን የሌለው። «ማማ» ሲሉ ሁለተኛዋ «ማ»፣ የባለቤትነቷ «ደ»፣ የጥያቄዋ «ማ»። «ዶንግሺ» ላይ «ሺ»ን ሙሉ አድርገሽ ካልሻት ምሥራቅና ምዕራብ ማለት ነው፣ አሟሙተሽ ከጣልሻት ዕቃ ማለት ነው። የሃርቢን ልጅ ይህን ቀን በቀን ሳታስበው ትለዋለች። (የጓንግዡ ልጅ ብትሆን ይከብድ ነበር፣ ካንቶንኛ ይህ ነገር የለውም ማለት ይቻላል፣ የደቡብ ሰው ማንዳሪን ሲናገርም ያንሳል።)

እንዲህ አድርጊ። «የእናቴ ዕቃ» ዓይነት ነገር በቻይንኛ ትበልልሽ፣ «ማማ ደ ዶንግሺ»። ጠረጴዛውን እየመታች። አምስት ክፍለ ቃል ነው፣ እጇ ግን የሚያርፈው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፣ «ማ» ላይና «ዶንግ» ላይ። ሦስቱ በአየር ላይ ያልፋሉ። አምስት ስድስት ጊዜ ከደጋገመችው በኋላ ምቱን ሳታቋርጥ «ቶክ ቱ ዘ ቲቸር» በያት። ይህም አምስት ክፍለ ቃል ነው፣ ምቱም ያው ነው። «ቶክ» ላይ አንድ፣ «ቲ» ላይ አንድ። «ቱ ዘ» የምትለዋ ቁራጭ ልክ እንደ «ማ ደ» ታልፋለች። አዲስ ነገር እያስተማርሻት አይደለም፣ ያላትን ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው እያዛወርሽላት ነው። አንድ ነገር ብቻ፣ «ቱ»ን ፈጥነሽ በያት አትበያት፣ ፍጥነት ሌላ ነገር ነው። ቀስ ብሎም ማሟሟት ይቻላል።

ምን ያህል ትሂድበት ለሚለው ደግሞ የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው፤ ጆሮዋ እስከ መጨረሻው ይሂድ፣ አፏ ግን እሷ እስከፈለገችው። ጄኒፈር ጄንኪንስ የምትባል የቋንቋ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ሥራ ላይ፣ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች እርስ በርስ ሲያወሩ ምኑ እንደሚያደናግራቸው ለይታ ነበር። ትንንሾቹን ቃላት ማሟሟት የግድ ነው ከተባሉት ውስጥ አልገባም። ከአንድ ሐረግ ውስጥ የትኛው ቃል ላይ ጉልበት ያርፋል የሚለው ግን ገብቷል። ኮንፈረንሱ ላይ ከጃፓንም ከብራዚልም የሚመጣ ሰው አለ፣ የሊን «ኦፍ» ሙሉ ሆና ብትወጣ ማንም አይሞትም። አሜሪካዊ እንድትመስልም ማንም አልጠየቃት። አንቺ ግን ጠይቂያት፣ ምን መምሰል ትፈልጊያለሽ ብለሽ፤ እስካሁን ጠይቀሻት ይሆን?

«ካን»ን ለብቻዋ እንያት፣ እሷ ትርጉም ትገለብጣለች። በሁለት ወር ውስጥ ልምምዱ ሰው ፊት፣ ጉልበት እየተንቀጠቀጠ ይሠራል ብዬ አልወራረድም። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ ይቀየር። «ዊ ካን ሪፒት» በማለት ፈንታ «ዊ ወር ኤብል ቱ ሪፒት» ትበል፣ ወይም «ዊ ሪፒትድ ኢት ስሪ ታይምስ» ብላ ቁጥሯን ትንገራቸው። ሦስት ጊዜ ደግማው ከሆነ ማለት ነው፣ እኔ አላውቅም፣ ላብራቶሪው ውስጥ ያለሽው አንቺ ነሽ። አሉታዊውን ደግሞ አታሳጥረው፣ «ካንኖት» ብላ ዘርግታ ትበለው። ስላይዶቿን አንድ ቀን አብራችሁ ተቀምጣችሁ «ካን» ያለበትን ሁሉ በቀይ አስምሩበት። ከዚያ በየዓረፍተ ነገሩ ሰው እንዲይዝላት የምትፈልገውን አንድ ቃል ራሷ ትምረጥ፣ እሱን ትምታው፣ ሌላው የሆነውን ይሁን።

ስለ እርማቱም ተስማሙ። ስትናገር አታቋርጫት። ወረቀት ላይ ጻፊና ስትጨርስ ስጫት፣ ብቻችሁን ስትሆኑ። የእሷን እንግሊዝኛ ግማሽ ሰዓት፣ የአንቺን ቻይንኛ ግማሽ ሰዓት፣ እኩል ስትታረሙ ማንም አይከብደውም። ኮንፈረንሱ ላይ ሰው «ምን አልሽ?» ቢላት አንቺ ከተቀመጥሽበት አትነሺ። ራሷ ትድገመው። ከፈለገችሽ በዓይኗ ትጠራሻለች፣ እሱንም ቀድማችሁ ተነጋገሩበት።

ምሳው እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ። እግረ መንገድሽንም ያን ቀን ገበያ ውስጥ ምን ልትገዢ ገብተሽ ምን «ልሽጥ» እንዳልሽ ንገሪኝ፣ ዋናውን ነገር ዘለሽዋል።